ሩት-ሪፖ ጫንኩ፣ ስልኬ ግን «ፈቃድ የለህም» አለኝ

ከሳቢያን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ገብቶኛል። የኢንተርኔት ፓኬጅህን ማን እንደሚበላብህ ለማየት ተርመክስ (አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትዕዛዝ የሚጻፍበት አፕ) ላይ ሩት-ሪፖን ጨመርክ፣ ከዚያ የኔትወርክ ትራፊክ የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ጫንክ፣ ስታስነሳው ግን ፈቃድ የለህም አለህ። ሩት፣ ማለትም በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን፣ የሚሰጠውን «ሱ» የሚባል ትዕዛዝ ብትጽፍ ደግሞ ስልኩ ላይ እንደዚያ የሚባል ፕሮግራም የለም።

አቦ፣ ምንም አልተበላሸም። ሩት-ሪፖ ሩት የሆነ ስልክ ላይ የሚሠሩ ፓኬጆች የሚወርዱበት ቦታ ነው (የሶፍትዌሩን ፓኬጅ ማለቴ ነው፣ በካርድ የምትሞላውን አይደለም)። ስልክህን ራሱ ሩት አያደርገውም። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ የራሱን የተጠቃሚ ቁጥር ሰጥቶ ለብቻው ያጥረዋል፣ ቲሲፒደምፕ ደግሞ የሁሉንም አፕ ትራፊክ ከከርነሉ (ከአንድሮይድ እምብርት) ልቀበል ይላል፣ ተርመክስ ራሱ ታጥሮ እያለ ከየት ያመጣለታል? በፕሩት-ዲስትሮ (ተርመክስ ውስጥ ሌላ ሊኑክስ በሚጭነው ፕሮግራም) ኡቡንቱ ጭነህ «ሩት» የሚል ስም ብታይም አትሸወድ፣ ማስመሰል ነው።

ሩት ላድርገው ካልክ ቡትሎደሩን (ስልኩን የሚያስነሳውን የተቆለፈ ፕሮግራም) ስትከፍት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አንዳንድ የባንክ አፖችም አንሠራም ይላሉ። በቀደም ከዚራ ሱቄ አንድ ልጅ መጣ፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ የድሬ ሙቀት ይሁን ድንጋጤ እንጃ። ስልክ ሩት በሚያደርገው ማጂስክ ያዘጋጀው የቡት ፋይል (ስልኩ ሲነሳ የሚጠቀምበት) የሌላ ሞዴል ኖሮ ስልኩ አርማው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ትክክለኛውን ፋይል መልሼ አስነሳሁለት። ፎቶዎቹ ግን ቡትሎደሩን ሲከፍት ቀድመው ሄደዋል።

ላንተ ጉዳይ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀምን ክፈት፣ የትኛው አፕ ስንት ሜጋባይት እንደበላ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ወዴት እንደሚልክ ጭምር ማየት ከፈለግክ ፒካፕድሮይድ የሚባለውን አፕ ጫን። ስልኩ ውስጥ ቪፒኤን መስሎ ስለሚቆም ያለ ሩት ይሠራል፣ ግማሽ ሰዓት ትተኸው ተመለስና ዝርዝሩን አፕ በአፕ እይ። ሌባውን ስታገኘው ከጀርባ ዳታ እንዳይጠቀም ዝጋበት።

አንድ ቀን ሩት ብታደርገው እንኳ «ሱ» ውስጥ ገብተህ ፓኬጅ አትጫን። የአሁኑ ተርመክስ ራሱ በሩት አልጭንም ይላል፣ በሌላ መንገድ ብትጭን ግን የተርመክስ ፋይሎች ባለቤት ሩት ይሆንና በማግስቱ እንደ ተራ ተጠቃሚ ስትከፍተው የራስህን ቤት ይከለክልሃል። የሚጫነውን ሁሉ ያለ «ሱ» ጫን፣ ሩት የሚፈልገውን ትዕዛዝ ብቻ በ«ሱ» አስነሳ። ረስተህ ካደረግከው በ«ቻውን» (የፋይል ባለቤት በሚቀይረው ትዕዛዝ) ባለቤትነቱን ለተርመክስ ተጠቃሚ መልስለት፣ ያም ካልሆነ ዳታህን ኮፒ አድርገህ ተርመክስን እንደ አዲስ ጫነው።