ናስ ለመቅረጽ የገበታ ጨው አይሆንም

የአንባቢያችን ጥያቄ ይሄ ነው፦ የበር ስም ሰሌዳ በናስ ይሠራል። ፊደሉን ክፍት ትቶ ሌላውን በጥፍር ቀለም ይሸፍናል፣ ከዚያ የገበታ ጨው የሟሟበት ውሃ ውስጥ ነክሮ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቻርጀር ያስበላዋል። ውሃው አረንጓዴ አተላ ይሆናል፣ ቀለሙ ይላቀቃል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይሸራረፋል፣ ቤቱም በረኪና በረኪና ይሸታል።

ወንድሜ፣ ያስቸገረህ ጨውህ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ፖዘቲቭ ላይ ያለው ናስ ይሟሟል፤ ኔጋቲቩ ላይ ግን የሚለጠፍ መዳብ ገና ስለሌለ ውሃው ራሱ ይፈርሳል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ አካባቢው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል፣ ከናሱ የወጣው መዳብ እዚያ ሲደርስ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። በዚያ ላይ ከጨው የመጣው ክሎራይድ ናሱን የማይሟሟ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። እሱን በ12 ቮልት በግድ ስትገፋው ክሎሪን ይወጣል፤ የበረኪናው ሽታ እሱ ነው፣ በሳንባህ አትጫወት! አረፋው ደግሞ የጥፍር ቀለምህን ከሥሩ ይገነጥለዋል።

ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ የመዳብ ጨው ግዛ። በአንድ ሊትር ውሃ 200 ግራም ያህል አሟሟ፣ ኔጋቲቩ ላይ የመዳብ ቁራጭ እሰር። አሁን ከሰሌዳው የሚወጣው መዳብ ማዶ ሄዶ ይለጠፋል፣ ውሃውም ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል። ዚንኩ ቀስ እያለ ይከማቻል፣ ግን ቶሎ አያስቸግርም። ቮልቱን ከ1 እስከ 2 አድርገው፤ ቻርጀርህ ዝቅ የማይል ከሆነ ለትንሽ ሰሌዳ አንድ ትልቅ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ችኮላ የለም። 1 አምፔር በ1 ሰዓት የሚያሟሟው 1.2 ግራም ገደማ መዳብ ነው። ክፍት የተተወው ፊደል ጠቅላላ ስፋቱ 10 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ጠለቀ ማለት ነው። ቀለም ልትሞላበት ከሆነ እጥፉን ጠብቅ።

ብረት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቢላ ላይ ስም ለመጻፍ የገበታ ጨው ጥሩ ነው፣ ክሎራይዱ የብረቱን መከላከያ ሽፋን ይሰብራልና። በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ብትሞክረው ግን ብረቱ አረፋ ከማውጣት በቀር እምብዛም አይሟሟም፤ በኤሌክትሪክ ዝገት የሚያስለቅቁ ሰዎችም የሚመርጡት፣ ፖዘቲቩ ላይ የሚያስሩት ብረት እንዳይበላባቸው ነው። ስቴንለስ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ መርዛማ ክሮምና ኒኬል ውሃው ውስጥ ይገባል። ብረትን ደግሞ ኮፐር ሰልፌት ውስጥ እንዳትነክር፣ ያለ ኤሌክትሪክም መዳብ ይለብስብሃል።

ኮፐር ሰልፌቱን ቱቦ ውስጥ አትድፋው፣ በጨርቅ አጥልለህ ደጋግመህ ትሠራበታለህ። ብቻ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጠው፤ ለስላሳ መስሎት የሚጠጣ ልጅ አይጠፋም።