ስለ ጥርስ ሽቦ (ብሬስ) ልጆች ይጠይቁ፣ ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር የጥርስ ሐኪም ነኝ። ብሬስ ሊታሰርለት የመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ የሚጠይቁት እናት አባት ናቸው። ሁለት ዓመት ገደማ ሽቦውን ተሸክሞ የሚኖረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቅድሚያ ለልጆች።

12 ዓመቴ ነው። ሲታሰር ያማል? መርፌስ አለው?
መርፌ የለውም፣ የኔ ጎበዝ። ጥርስህ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ በየጥርሱ ላይ ትንሽዬ ብረት በማጣበቂያ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሽቦው ያልፍበታል። ያኔ አያምም፤ የሚያሰለቸው አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ለጥቂት ቀን እንጀራ ማላመጥ እንኳ ይከብድሃል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ይሠራልህ፤ ከባሰብህ ሐኪምህ በነገረህ ልክ ፓራሲታሞል ውሰድ። በሳምንት ውስጥ ይለቅሃል፤ ሽቦው በተስተካከለ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ይሰማሃል።

ጥርስ አጥንት ውስጥ ተተክሎ እንዴት ይንቀሳቀሳል?
ሽቦው ቀስ ብሎ ሲጫነው ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። አጥንት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀጠሮው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ የሆነው ለዚህ ነው። «ቶሎ እንዲያልቅ ጠበቅ አድርጉልኝ» የምትሉ ልጆች አላችሁ። ከልክ በላይ መጫን የጥርሱን ሥር ይጎዳል።

ዶክተር፣ ቆሎ መብላት እችላለሁ?
አትችዪም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ማስቲካ፣ ደረቅ ከረሜላ፣ አጥንት መጋጥ ይቅር። ብረቱ በወለቀ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። ቅቅል በቆሎ ከሆነ ፈልፍለሽ ብዪ። ማንጎ አትጋጪ፤ ተቆርጦ ይቅረብልሽ፣ ጭረቱ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። የጣና ዓሣ ይፈቀዳል፤ ሥጋውን በእጅሽ ለቅመሽ፣ እሾሁን ለይተሽ።

መፋቂያ ይበቃል?
መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ግን ከሽቦው ሥር አይገባም። ከምግብ በኋላ መስታወት ፊት ቁሙ። ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይዛችሁ መጀመሪያ ብሩሹን ወደ ድድ አዘንብላችሁ ከብረቱ በላይ፣ ቀጥሎ ከብረቱ በታች ጥረጉ። ብረቱ ካላብለጨለጨ አልጸዳም ማለት ነው። ይህን ችላ ያሉ ልጆች ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሳቸው ቀጥ ብሎ፣ ብረቱ በነበረበት ዙሪያ ግን ነጭ ነጠብጣብ ቀርቶባቸው አያለሁ። ነጠብጣቡ የመበስበስ መጀመሪያ ነው፤ ሁልጊዜም አይለቅም። በጣም ያሳዝነኛል።

(እናት፣ ከሽምብጥ) ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርሶቹ ተራርቀዋል። ይታሰርለት?
አይቸኩሉ። በዚህ ዕድሜ ማስመርመሩ ደግ ነው፤ ክፍተቱ ግን ክራንቻው በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠባል። ባይጠብም ፍንጭት በእኛ አገር ውበት ነው፤ ልጁ ካልጠላው ይተዉለት።

(ከዘጌ) ሕፃን ሆኜ ተቅማጥ ይዞኝ የወተት ጥርሴ ተነቅሏል ይላሉ። አሁን ክራንቻዬ ጠሞ ወጣ። ይያያዛል?
ሊያያዝ ይችላል። የሕፃኑ ድድ ሲቆፈር ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል። ከመታሰርህ በፊት ራጅ ተነሣ፣ ሥሩ ይታይ። ሕፃን ያላችሁ፣ እባካችሁ ድድ አታስነኩ፤ ተቅማጥ ከጥርስ አይመጣም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

(አባት) አዲስ አበባ አሳስረን ብንመጣስ?
ከመክፈልዎ በፊት ክትትሉን ማን እንደሚይዝ ይጠይቁ። በየቀጠሮው መመላለስ ካልቻሉ ወይም እዚህ የሚረከብ ሐኪም ከሌለ አይጀምሩ። ያለ ክትትል የቀረ ሽቦ ካለመታሰር ይብሳል።

ሽቦው ጉንጬን ከወጋኝስ?
ከሐኪምህ የብሬስ ሰም ተቀበል። ቆንጥረህ በጣትህ አድበልብለው፣ የሚወጋውን ጫፍ አድርቀህ ለጥፍበት። በመቀስ እንዳትቆርጠው። በማግስቱ ደውል።

ሲወልቅ አለቀ ማለት ነው?
አላለቀም። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ ስለዚህ ሪቴይነር የሚባል ማቆያ ይሰጥሻል። መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ታደርጊዋለሽ። ስትበዪ አውጥተሽ በሣጥኑ አስቀምጪው፤ በሶፍት የተጠቀለለ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። በሙቅ ውኃም አትጠቢው፣ ቅርጹ ይጣመማል።