መልስ፦ ኤሲው ጋዝ ተሞልቶለት እንደገና ለምን ይሞቃል?

ወንድሜ፣ መኪናህ ከፊት ከተገጨ በኋላ የኤሲ ጋዝ አስሞልተህ፣ በሁለት ሳምንቱ መልሶ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ ብለሃል። እባክህ ደግመህ እንዳታስሞላ። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ቶሎ ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

መጀመሪያ ኮንደንሰሩን፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘውን ክፍል፣ እይ። ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ከፊት ሲገጭ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። የእጅ ባትሪ አብርተህ ጠጋ በል። ቀጫጭኖቹ ክንፎች ላይ አቧራ የያዘ ቅባታም እርጥበት ካየህ፣ የሚያፈሰው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። የኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር አብሮ ይወጣል።

በብየዳ ማስደፈኑን አልመክርህም። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ብዙ አይቆይም። ቀይረው። ድራየሩ (እርጥበት የሚመጥጠው ክፍል) እና የመገጣጠሚያ ጎማዎቹም አብረው ይቀየሩ፤ የጎደለው ዘይትም ይተካ። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቫኪዩም ይደረግ፤ ማለትም ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ይውጣ። ፓምፑ ሲጠፋ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት ባለበት ካልቆመ ገና ያፈሳል። ይህን መካኒኩ እንዲዘለው አትፍቀድ፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ኮምፕረሰሩን ይበላዋል።

ጋዙ በሚዛን ይሞላ። ዓይነቱና ግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ስር ተለጥፏል። ቱቦውን ግን ራስህ እንዳትፈታ፣ ጋዙ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።