ቪዲዮው ይዋሻል እንዴ?

ውድ የአዳማ ልጆች፣

ይህችን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ከ30 ዓመት በላይ ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። እናትና አባታችሁ በዚህ ከተማ ከተጋቡ፣ ኬኩን ሲቆርሱ "ወደዚህ እዩ!" ብሎ የጮኸባቸው ምናልባት እኔ ነኝ። አሁን ካሜራውን ለልጄ አስረክቤያለሁ። የቀረኝ ሥራ ሻይ መጠጣትና ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት መስጠት ነው። በዚህ ከእናንተ ብዙም አልለይም።

አንዲት እሑድ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ቀን። ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ ተቀምጠን የሴቶችን ማራቶን እናያለን። ፍልሰታ ስለገባ አብዛኛው ሰው ሻይ ይዟል። ዋዜማው ላይ ታምራት ቶላ በወንዶቹ ወርቅ አምጥቶልን ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። ታምራት እኮ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ነው እሱ የገባው።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ቀረ። አንዷ ትዕግሥት አሰፋ፤ በወቅቱ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት። ሌላዋ ሲፋን ሐሰን፤ በዚያው ሰሞን 5,000 እና 10,000 ሜትር ሮጣ ሁለት ነሐስ ይዛ የመጣች። ሲፋን የተወለደችው እዚሁ አዳማ ነው። በ15 ዓመቷ ተሰድዳ ኔዘርላንድስ ገባች፤ የምትሮጠውም በነሱ ማሊያ ነው። እና አንዱ ጠረጴዛ "የኛው ልጅ ናት" ይላል። ሌላው "የኛ ብትሆን ማሊያ አትቀይርም ነበር" ይላል። መታጠፊያው ላይ ሲፋን በውስጥ በኩል ልታልፍ ስትል ትዕግሥት መንገዱን ዘጋችባት። ተጋፉ። ሲፋን አለፈች። በመሃላቸው የነበረው 3 ሰከንድ ብቻ ነው።

ሻዬን ሳልጨርስ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣው።

"ጋሼ፣ ይኸው! ሲፋን በክርኗ ስትመታት!"

ቪዲዮው 10 ሰከንድ አይሞላም። ቀስ እንዲል ተደርጓል። ቀይ ክብ ተሠርቶበታል፤ ከሥሩ አሳዛኝ ሙዚቃ ገብቶለታል። የሚጀምረው ክርኑ ሲነሳ ነው።

"ከዚህ በፊት ያለውስ?" አልኩት።

"የቱ?"

"ክርኑ ከመነሳቱ በፊት።"

"እሱ የለበትም" አለኝ።

ልጁ ካፌ የገባው ሩጫው ሊያልቅ ሲል ነው። 42 ኪሎ ሜትር ተሮጦ እጁ ላይ ያለው 10 ሰከንድ ነው። በዚያችው "ከሐዲ" ብሎ ለጥፎ ጨርሷል።

የኢትዮጵያ ቡድን ተቃውሞ አቅርቦ ውድቅ ሆኗል። የኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትዕግሥት እንድታሸንፍ ነበር የፈለግኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ግን ከሩቅ የተነሳውን ምስል ደጋግሜ አይቼ ጥፋት አላገኘሁበትም። ሁለት የደከሙ ሰዎች አንዲት ቀዳዳ ፈለጉ፤ በቃ። በዚያው ሰሞን በ5,000 ሜትር ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ከጉዳፍ ፀጋይ ጋር ተጋፍታ መጀመሪያ ከውጤት ተሰረዘች፤ ወዲያው በይግባኝ የብር ሜዳሊያዋ ተመለሰላት። በዚያ ሁሉ ካሜራ መሃል ያሉ ዳኞች እንኳ በአንድ ምሽት ሁለት ዓይነት ውሳኔ ሰጡ። እኛ ግን በስልክ አንዴ አይተን እንፈርዳለን።

ይህን የምለው ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም። እኔ ራሴ ቆራጭ ነበርኩ።

ነገሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ኤዲት የምናደርገው በሁለት ዴክ ነበር። አንዱ ጥሬውን ካሴት ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። ጣትህ ትንሽ ከዘገየች የሚዜው ንግግር ግማሹ ይቀራል። አንድ ቅልቅል ቀረጽኩ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ለሙሽራው እናት ጋቢ አምጥተዋል። ልክ ጋቢው ሲዘረጋ አንድ ሕፃን የመብራቱን ገመድ ረገጠ፤ ምስሉ ተበላሸ። እንዲህ ሲሆን የሙያው መላ የታወቀ ነው። የተበላሸውን ቦታ በሌላ ሰው ፊት ትሸፍነዋለህ። ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩና የሴትየዋን ፊት አገኘሁ። ጠዋት ጓዳ በር ላይ ቆመው ያነሳኋቸው ነው። የማገዶው ጭስ ዓይናቸው ውስጥ ገብቷል። 3 ሰከንድ ትሆናለች። መሃል ላይ ሰካኋት።

ጋቢው ይዘረጋል። ሴትየዋ ፊታቸውን ይቋጥራሉ። ጋቢው ይታጠፋል።

ስሠራው ምንም አልታየኝም። እኔ ያየሁት ቀዳዳው መደፈኑን ነው። ሙሽራዋ ቤት ካሴቱ በተከፈተ ቀን ግን "ጋቢያችንን ናቁት" ተባለ። ዘመድና ጎረቤት እየተጠራ ያችው ቦታ ብቻ እየተመለሰች ታየች። ሴትየዋ "ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ወድጄው ነው የተቀበልኩት" ቢሉ ማን ይስማቸው? "ቪዲዮው ይዋሻል እንዴ?" ነው መልሱ። ሁለቱ ቤቶች ከዓመት በላይ አልተጠያየቁም። ጥሬው ካሴት ቢኖር በአንድ ቀን ያስታርቃቸው ነበር። ግን የለም። ያኔ ካሴት ውድ ስለነበር ሌላ ሠርግ ቀርጬበታለሁ።

ዘፈንም እንደዚያው ሆኗል። አልበም በወጣ በግማሽ ሰዓቱ "አልተመቸኝም" የሚል ይመጣል። አልበሙ ራሱ እኮ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መቼ ሰማኸው? የሰማኸው ቲክቶክ ላይ የሚጨፈርበትን ቁራጭ ነው። እኛ የቴፑ ባትሪ እንዳያልቅ ካሴት የምናጠነጥነው በእስክሪብቶ ነበር። ማጠንጠኑ ስለሚሰለቸን የማንወደውንም ዘፈን እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ዛሬ የምወዳቸውን ብዙዎቹን የወደድኳቸው በአራተኛው በአምስተኛው ነው። ድሮ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ድሮ ቴፑ ካሴት ይበላ ነበር።

የኔን ጉድ ልጨምርላችሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር "ባህላችን አለቀ!" ብለው ከጮኹት አንዱ ነኝ። አንድም ክፍል አላየሁም ነበር። ባለቤቴ ማታ ማታ ስታይ፣ እኔ ጋዜጣ ይዤ በጎን አጉረመርማለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ከሷ ብሼ የተበሳጨሁት እኔ ነኝ። እሷ እስካሁን ትስቅብኛለች። የአገር ውስጥ ተዋናይ ሥራ ማጣት የለበትም ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። አሁን ግን አይቼ ነው የምከራከረው። በአማርኛ የሚናገሩት ድምፆች የአገር ልጆች መሆናቸውም ያኔ ትዝ አላለኝም።

የአገር ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። በሕጉ ላይ የራሴ ቅሬታ አለኝ፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ሕጉ ባይኖርስ? አዳማ በአንድ ግቢ አማርኛም ኦሮምኛም የሚወራባት ከተማ ናት። እዚህ መሃል የወደቀች የ10 ሰከንድ ቪዲዮ በጋቢ ኩርፊያ ብቻ አትመለስም።

ዝም በሉ እያልኳችሁ አይደለም። አስተያየት የሌለው ወጣት ያስፈራኛል። የምለምናችሁ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደነበር፣ ከተቆረጠም በኋላ ምን እንደመጣ እንድትጠይቁ ነው። ካላገኛችሁት "ሙሉውን አላየሁትም" ብላችሁ ጀምሩ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ይሳቅ። ይኸው አሁን ደግሞ ጭራሽ ካሜራ ፊት ያልቆመ ሰው ሲናገር የሚታይበት ጊዜ መጥቷል። እኔ ቢያንስ የሰካሁት እውነተኛ ፊት ነበር።

የካፌውን ልጅ በማግስቱ አገኘሁትና ረጅሙን ምስል አሳየሁት። ሁለቴ አየው። "ኧረ… እሷም ዘግታባታለች ለካ" አለ።

"እንግዲያው የለጠፍከውን አንሳው።"

"ጋሼ፣ 300 ሰው ላይክ አድርጎታል እኮ!"

ልቆጣው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የዚያ ጋቢ ነገር ትዝ አለኝ።

የነዚያ ሙሽሮች የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ቀራጩ አሁንም እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ አዳራሽ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። በካሜራው ሳይ የሙሽራው እናት ሕፃኑን በዚያው ጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውታል። ካሜራውን አስቀመጥኩና ወደ ሙሽራዋ እናት ሄድኩ። የጭሱን ነገር፣ የገመዱን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ታዲያ ያኔ ወሬው አልደረሰህም?" አሉኝ።

"ደርሶኛል እማማ። በሳምንቱ ነው የሰማሁት።"

"ለምን አልተናገርክም?"

እውነቱን ነገርኳቸው። የፎቶ አልበሙን ገና አላስረከብኩም ነበር፤ ቀሪ ሒሳቤ እሳቸው ቤት ነበር።