«ኦኮዮም» ዓይን የሚይዘው ሁሉ

«ኦኮዮም» ከሁለት የተገጠመ የሩሲያኛ ቃል ነው። «ኦኮ» በጥንቱ ሩሲያኛ ዓይን ነው፤ «ዮም» ደግሞ መያዝን፣ መውሰድን ከሚገልጽ የቆየ ግሥ ወጥቷል። ስለዚህ ፍቺው በጥሬው «ዓይን የሚይዘው» ይሆናል፤ እኛ አድማስ የምንለው፣ አንዳንዴም እስከዚያ ድረስ የሚታየው ስፍራ በሙሉ።

«ዓይን ግላዝ አይደለም ወይ?» ላሉት፣ ልክ ነዎት፤ የዛሬው የዘወትር ቃል ግላዝ ነው። ኦኮ ወደ ግጥም ሸሽቷል፤ ልጁ ግን አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ መነጽር እስከ ዛሬ «ኦችኪ» ነው። «ዮም»ንም «ቮዶዮም» ውስጥ ያገኙታል። ቮዳ ውሃ ነውና ውሃ የሚይዝ ስፍራ ማለት ነው፤ ሐይቁም፣ ኩሬውም፣ የግድቡም ውሃ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቃሉ የሥነ ጽሑፍ ነው፣ ያረጀም ነው። እኔ በተማሪነቴ ስለ አየር ሁኔታ በጻፍኩት ተራ የቤት ሥራ ውስጥ ብሰነቅረው መምህሬ ፈገግ ብለው ሰረዙትና በላዩ «ጎሪዞንት» ብለው ጻፉበት። ለዘወትር እሱን ይጠቀሙ፤ የዕውቀት አድማስ ለማለት ከሆነ ደግሞ «ክሩጎዞር» ነው።