ከማዞርሽ በፊት ምን መርፌ ወስደሽ ነበር?

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወልዲያ ነሽ፣ 29 ዓመትሽ ነው፣ ማዞሩ ሰባት ወር ሙሉ አልለቀቀሽም። ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ምስል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ታይቶ «ኤምኤስ፣ ማለትም መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል» ተብለሻል። አሁን ምን ላድርግ ነው የምትዪው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ደሴ ቁጭ ብዬ ይችኑ ጥያቄ እጠይቅ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርሽ።

የኔ ማዞር ቤቱን የሚያሽከረክር ዓይነት አልነበረም። ተኝቼ ወይ ተቀምጬ ከሆነ ደህና ነኝ። ተነስቼ ስራመድ ግን መሬቱ እንደ ፍራሽ ይሆንብኛል። ፒያሳ ስወጣ የሱቆቹ ጽሑፍ በየእርምጃዬ ይዘላል፤ ቆም ስል ይረጋል። ማታ መብራት ከጠፋ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። ለሱብሂ ውዱእ ሳደርግ ፊቴን ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን ወደ ጎን እንገዳገዳለሁ። አንድ ቀን ወድቄ ግንባሬን ተፈንክቻለሁ። እናቴ ዱዓ አስደረገችልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ሁለቱንም በደስታ ተቀበልኩ፤ ወሎ አይደለን?

ሕክምናው መጀመሪያ ደም ማነስ፣ ቀጥሎ ግፊት፣ ቀጥሎ ጭንቀት እያለ ሄደ። ለማዞር የሚሰጠውን ክኒን አራት ወር ዋጥኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወርጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሦስት ነጠብጣብ ታየ። ወጣት ሴት፣ ስትሄድ የምትንገዳገድ፣ ነጠብጣብም ያላት። የኤምኤስ ስም የተነሳው ያኔ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ከኮምቦልቻ በላይ የሐረጎን ጥምዝምዝ ዓይኔን ጨፍኜ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። ልጄ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሌላ የነርቭ ሐኪም ጋ የሄድኩት ወንድሜ አስገድዶኝ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ጎን አድርጎ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ። አንድ ዓይንሽን አሞሽ ለቀናት ደብዝዞብሽ ያውቃል? አንገትሽን ስታጎነብሺ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር በጀርባሽ ይወርዳል? እግርሽ ወይ እጅሽ ደንዝዞ ለቀናት ቆይቶ የተመለሰበት ጊዜ አለ? ሽንት ያስቸግርሻል? ሁሉንም የለም አልኩ።

ከዚያ አስረዳኝ። ኤምኤስ ማለት የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቱ መጥቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ለሳምንታት ቆይቶ ይቀላል። በሽታው ነው ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ በተለያየ ቦታ መድረሱን ማሳየት ያስፈልጋል። ነጠብጣብ ብቻውን አይበቃም። ማይግሬን ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰውም ነጠብጣብ ሊታይበት ይችላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ግማሽ ጎን ራስ ምታት አለብኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና «አፍንጫዬን ብቻ እዪ» ብሎ ድንገት ወደ ጎን አዞረው። ዓይኔ አፍንጫው ላይ መቆየት አልቻለም፤ ከጭንቅላቴ ጋር አብሮ ሄዶ ዘሎ ተመለሰ። በሁለቱም በኩል እንደዚያው። ለካ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል። ያኔ «ማዞሩ ከመጀመሩ በፊት በምን ታክመሽ ነበር?» አለኝ። ኩላሊቴ ኢንፌክሽን ይዞት ሁለት ሳምንት መርፌ ተወግቻለሁ። የመርፌውን ስም ግን አላውቅም። ወንድሜ ቤት ያለውን የወረቀት ክምር በርብሮ ፎቶ አንስቶ ላከልን። ጄንታማይሲን።

ስለዚህ መድኃኒት በደንብ ስሚኝ፤ እኛ አገር ብዙ ሰው ወስዶታል። ርካሽ ነው፣ ከባድ ኢንፌክሽን ያጠፋል፣ ጨቅላ ሕፃናትን ሳይቀር ያድናል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን የውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉትን ሚዛን የሚጠብቁ ሴሎች ይገድላል። መስማት ላይ ምንም ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ጆሮን የሚጠረጥር የለም። ሁለቱም ጆሮ እኩል ስለሚጎዳ ቤቱ አይሽከረከርም። በሽተኛው ከአልጋ ተነስቶ መራመድ ሲጀምር ነው የሚያውቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ «ከሕመሙ ገና ስላላገገመች ነው» ይላል። እኔንም እንዲሁ አሉኝ። መርፌውን ያዘዙልኝ ሰዎች ከሞት አውጥተውኛል። አንድ ቃል ቢያስጠነቅቁኝ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ወር አይባክንም ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያንቺ የኔው ነው እያልኩ አይደለም። አልጋ ላይ ስትገላበጪ መጥቶ ከደቂቃ በታች የሚቆይ ከሆነ የጆሮ ውስጥ ክሪስታል ቦታውን ለቆ ሊሆን ይችላል። እሱን የሚያውቅ ሐኪም ጭንቅላትሽን በሥርዓት እያዞረ እዚያው ይመልሰዋል። ብርሃንና ድምፅ እያስጠላሽ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ማይግሬን ያለ ራስ ምታትም ያዞራል። ጆሮሽ እየጮኸ መስማትሽ ከቀነሰ ለጆሮ ሐኪም ንገሪ። ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ብቻ ከሆነ ግፊትሽን ተኝተሽ፣ ከዚያም ቆመሽ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያስለኩሽ። ቢ12 እና ደም ማነስም ቀላል ምርመራ ናቸው። ገበያ መሃል ሰው ሲበዛ የሚብስና ወራት የዘለቀ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም አለ፤ ጭንቀት ብቻ ነው ብለው አይመልሱሽ።

ኤምኤሱንም አትተዪው። ሐኪምሽ የአከርካሪ ኤምአርአይ ወይ ከወገብሽ ፈሳሽ ተቀድቶ እንዲመረመር ካዘዘ አድርጊው። ዓይንሽ በድንገት ከደበዘዘ ወይ እግርሽ ከከዳሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጥቃቱን የሚቀንስ መድኃኒት አለው።

እኔ አሁን ግድግዳ ላይ አንዲት ፊደል ለጥፌ፣ ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ጭንቅላቴን ግራ ቀኝ አንቀሳቅሳለሁ። አንድ ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የማዞር ክኒኑን በሐኪሙ ምክር ተውኩ፤ ብዙ ሲወሰድ አእምሮ ራሱን እንዳያለማምድ ያደርጋል። የሞተው ሴል አይመለስም፤ እኔ ግን ተመልሻለሁ። ደሴን ጉም ሲሸፍናት ዘንግ እይዛለሁ። ሐይቅ ስንወርድ ውሃው ውስጥ አልገባም፤ እንደኔ ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ላይና ታቹ ሊጠፋበት ይችላል።

አሁን የድሮ ወረቀቶችሽን ፈልጊ። ማዞሩ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ወራት የወሰድሽውን መርፌና ክኒን ሁሉ ጻፊና ይዘሽ ሂጂ። በጨለማ ይብስብሽ እንደሆነና ስትራመጂ ጽሑፍ ይዘል እንደሆነም እዚህ መልሺልኝ፤ እጠብቃለሁ።