የተተከለ ጥርስ ድዱ ሲቆጣ፦ ለወጣት የጥርስ ሐኪሞች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት እናት፣ ውጭ አገር ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ያስተከሉት ጥርስ ዙሪያው አብጦና እየደማ ወደ እኔ መጡ። አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉትን አንቲባዮቲኮች አዝዤ ሸኘኋቸው። ሻል ብሏቸው ቆዩና በሁለተኛው ወር ሲመለሱ ያንኑ መድኃኒት ደገምኩላቸው። በሦስተኛው መግል ይዞ ሲመጣ ነው ክራውኑን፣ ማለትም ከላይ የተደፋውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አውልቄ ያየሁት፤ ክራውኑ የተጣበቀበት ሲሚንቶ ተርፎ ከድዱ በታች ደርቆ ኖሯል። ሲሚንቶውን አንሥቼ ዙሪያውን በጥንቃቄ ካጸዳሁ በኋላ፣ ያለ አንድ ክኒን፣ ድዱ በጥቂት ሳምንታት ረጋ። እስከዚያ የተሸረሸረው አጥንት ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እብጠቱ በድዱ ብቻ ተወስኖ ሳለ ከደረሳችሁበት ይመለሳል፤ አጥንቱን መብላት ከጀመረ በኋላ ግን ሥራው ሌላ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝባቸው ጅማቶች ስላሉት ቁጣው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በመጠኑ ይከላከላሉ፤ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከለው የቲታንየም ሥር) ይህ ስለሌለው አጥንቱ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ በድዱና በኢምፕላንቱ መካከል ያለውን ጥልቀት የሚለካውን ቀጭን ዘንግ፣ ፕሮቡን፣ ሳትፈሩ ተጠቀሙበት፤ ግን 20 ግራም ከሚሆን ክብደት ባልበለጠ ለስላሳ ግፊት ይሁን። የዛሬውን ራጅ ጥርሱ በተተከለ ጊዜ ከተነሣው ጋር አስተያዩት። የቀድሞው ራጅ ከሌለ፣ ደም መውጣቱ፣ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጥልቀትና 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የወረደ አጥንት አንድ ላይ ሲገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት በሽታው አጥንት ደርሷል ማለት ነው።

ሕክምናው የሚጀመረው ከእጃችሁ ነው። ተራ የብረት ኪውሬት (በእጅ የሚያዝ የማጽጃ መሣሪያ) ቲታንየሙን ስለሚፍቀው፣ የቲታንየም ወይም የካርበን ኪውሬት፣ አለዚያም ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ አልትራሳውንድ ተጠቀሙ። ክራውኑ በብሎን የተያዘ ከሆነና ማጽጃው ከሥሩ አልገባ ካለ ፍቱት፤ ቅርጹ ለታካሚው ብሩሽ የማይመች ከሆነም አስተካክሉት፤ ይህን ሳታደርጉ የምታጸዱት ሁሉ ከወር በኋላ ተመልሶ ይጠብቃችኋል። አንቲባዮቲክን በተለመደው መንገድ ከዚህ ጋር ማዘዝን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ የፔሪዮዶንቶሎጂ መመሪያም አይደግፍም።

ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ለኩ። ጥልቀቱ ከ5 ሚሊሜትር ካልበለጠ፣ መግል ከሌለና ደሙ ከአንድ ነጥብ በላይ ካልታየ ወደ ክትትል እለፉ። ካልሆነ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ለታካሚው በግልጽ ንገሩት፤ በተለይ ጥልቅ በሆነው ላይ ያለ ቀዶ የሚደረገው ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የቤቱን ሥራ መስታወት አስይዛችሁ በተግባር አሳዩ። መፋቂያ የፊቱን ገጽ ያጸዳል እንጂ ከክራውኑ ሥር አይደርስም፤ ለዚያ ቀጭኗ የጥርስ መሃል ብሩሽ ታስፈልጋለች። እኒያ እናት አጠቃቀሟን ከእኔ ጋር አምስት ጊዜ ያህል ደጋገሙት፤ ከዚያ በኋላም በየሦስት ወሩ ለክትትል ሲመጡ ብሩሿን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር።